«አለሁ» ያላለው አሰልጣኝ

አሰልጣኝ ሀይሉ የተገኘው በጀርባው ተንጋሎ፣ አንድ እጁን ካኪ ኮቱ ኪስ ውስጥ እንደከተተ ነበር። ዕለቱ ታኅሣሥ ሃያ አምስት፣ ጊዜው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቦታው ከመርሳ ከተማ ወረድ ብሎ የመስኖው ቦይ የሚያልፍበት የገና መጫወቻ ሜዳ ነው። ለከብቶቹ አገዳ ሊወስድ የመጣ ገበሬ ከማሽላው ክምር ሥር የተጋደመውን ሰው ሲያይ ደክሞት ያረፈ መንገደኛ መሰለው። «ተነስ እንጂ አንተ፣ ፀሐይ ወጣ እኮ!» አለው። የግንባሩን ደም ያየው ከዚያ በኋላ ነው።

ሳጅን ልዑል ጥፋተኛ ለማግኘት ከግማሽ ቀን በላይ ፈጅቶበት አያውቅም። የተያዘው ሰው ትክክለኛው ጥፋተኛ መሆኑን ማጣራት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ እሱን ለሌላ ሰው መተው ይወዳል። ስለዚህ ኢንስፔክተር መቅደላ አማረ አምስት ሰዓት ላይ ከወልድያ በሚኒባስ ስትደርስ፣ ሳጅኑ እጁን እያፋተገ ነበር የተቀበላት።

«ተይዟል፣ ኢንስፔክተር።»

«ማን?»

«ገዳዩ ነዋ!»

«እንዲያ ከሆነ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

«ያው... ለፊርማ።»

መቅደላ ከኪሷ ጥቂት የሽምብራ ቆሎ አውጥታ ቃመች። አጭር፣ ረጋ ያለች፣ የአርባ ዓመት ሴት ናት። ጥያቄዋን ከመጠየቋ በፊት ቆሎዋን አድቅቃ ትጨርሳለች፤ ይህች ትንሽ ዝምታ ስንቱን ሰው ሳይጠየቅ አናዝዛዋለች። ሳጅኑም አላስቻለውም።

«ከሬሳው ጎን የቅዱስ ዱላ ተገኝቷል፤ ስሙ ተቀርጾበታል። ትናንት ከሰዓት ሁለቱ በሰው ፊት ተጣልተዋል። የፊታችን ገና ወልድያ ላይ የሀብሩ ቡድን ይጫወታል አይደል? አሥራ አራት ሰው ተመርጧል። የቀረችው አንዲት ቦታ ናት፤ ወይ ለቅዱስ፣ ወይ ለጋሽ ንጉሴ።»

«ጋሽ ንጉሴ? ያ የድሮው?»

«ራሳቸው።»

መቅደላ ልጅ ሆና ስሙን ሰምታለች። ከሠላሳ ዓመት በፊት ንጉሴ የለጋው የእንጨት ኳስ፣ እሩሩ፣ ቦዩን ተሻግሮ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይገባ ነበር ይባላል፤ ሰው እያጋነነም ቢሆን። አሁን ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ዱላውን ከሰቀለ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶት ሳለ ዘንድሮ ድንገት «እመለሳለሁ» አለ። መርሳ በመጀመሪያ ሳቀችበት። ማለዳ ማለዳ ብቻውን ሲለማመድ ሲከርም ግን ሳቋን ዋጠች፤ «በስተርጅና ቆንጆ» ብለው የተረቱበት ሰዎች ሳይቀሩ ለወልድያው ጨዋታ የአውቶቡስ ወንበር ማስያዝ ጀመሩ።

ሬሳው ጤና ጣቢያ ነበር። ሐኪሟ ማህሌት ወሬ አላበዛችም።

«የሞተው ሲነጋጋ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ምት ብቻ። ነገር ግን ቁስሉን እዪው፤ ክብ ነው። ዱላ ቢሆን ይረዝም ነበር።»

«ይህ ነጭ ዱቄትስ?»

«ኖራ ነው። ቁስሉ ውስጥም አለ።»

«የሜዳው መስመር በኖራ የተሠመረ ነው» አለ ሳጅን ልዑል ቶሎ ብሎ።

«አገዳው ያለው ከመስመሩ በስንት እርምጃ ነው?»

ሳጅኑ በሐሳቡ ቆጠረ። ሃያ እርምጃ ያህል ይርቃል።

ከሟቹ ኪስ የወጡት ሁለት ወረቀቶች ብቻ ነበሩ። አንደኛው የተጫዋቾቹ ዝርዝር ሲሆን አሥራ አምስተኛው መስመር ባዶ ነው። ሁለተኛው ስም የሌለው ትንሽ ካርድ ነው፤ «ጥር 6፣ ተራ ቁጥር 41» ይላል፤ ከሥሩ የደሴ ስልክ ቁጥር አለ። መቅደላ ካርዱን አገላብጣ አየችውና ኪሷ ከተተችው።

ቅዱስ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ ትከሻው እንደ በር የሰፋ።

«ዱላህ እዚያ ምን ይሠራል?»

«ትናንት ጋሽ ሀይሉ ቀሙኝ። ልምምድ ላይ ሳልጣራ ስለለጋሁ ነው።»

«ሳትጣራ ማለት?»

«የእኛ ሕግ ነው፤ እሳቸው ናቸው ያወጡት። ድሮ አንድ ተጫዋች በእሩር ጥርሱ ረግፎ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ሩቅ የሚለጋ ሰው ‹እሩር!› ብሎ ይጣራል። ፊት ለፊት ያለ ሰው ‹አለሁ!› ይላል። ‹አለሁ› ከተባለ ዱላህን ታወርዳለህ። ዝም ከተባለ ሜዳው ባዶ ነው፣ ትለጋለህ። ጨዋታ ላይ ሳይሆን ልምምድ ላይ ነው። ሳይጣራ የለጋ ዱላውን ለሦስት ቀን ይቀማል።»

«ዛሬ ማለዳስ የት ነበርክ?»

«ቤት... ተኝቼ።»

መቅደላ ጠረጴዛው ላይ የተዘረገፈውን የኪሱን ዕቃ በጣቷ ለየት ለየት አደረገች።

«ጉርድ ፎቶ የሚታጠበው በአራት ነው። እዚህ ያለው ሁለት ነው። ሁለቱን ማን ወሰደው?»

የልጁ ፊት ቀላ። ቆሎው እስኪያልቅ ጠበቀችው።

«ወልድያ ነበርኩ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «በመጀመሪያው ሚኒባስ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሄድኩ። ለሌላ ቡድን ልመዘገብ። ጋሽ ሀይሉ ናቸው ዱላ አያያዝ ያስተማሩኝ፤ ከድቻቸው ልሄድ ነበር። ይህን ከማወራ ብታሰር ይሻለኛል ብዬ ነው።»

«ሰው ከማፈር መታሰርን ይመርጣል» አለች መቅደላ ከጣቢያው ሲወጡ። ለሳጅኑ ይሁን ለራሷ አልለየም። ሾፌሩም መዝጋቢውም ልጁን አስታወሱት፤ ያም ሆኖ ልዑል «ወረቀቱ እስኪያልቅ» ብሎ አልለቀቀውም።

ረሂማ ከሜዳው በላይ መንገዱ ዳር ብርቱካን ትሸጣለች።

«እህቴ፣ ሱብሂ ሰግጄ ብርቱካኔን ስደረድር ነበር። ገና ሊነጋ ሲል ነው። ‹እሩር!› የሚል ሰማሁ።»

«የማን ድምፅ ነው?»

«ወላሂ አልለየሁትም፣ የቦዩ ውሃ ይጮኻል። የወንድ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም። ዱላው ጠው ሲል ሰማሁ፤ በቃ።»

«‹አለሁ› የሚል አልሰማሽም?»

ረሂማ ሁለት ብርቱካን እንደያዘች ቆም አለች። «አልሰማሁም። መልሱ ከቅርብ ነው የሚመጣው፣ አገዳው እኮ እዚህ እግሬ ሥር ነው። ክምሩ ጋርዶኝ ባላይም፣ ቢባል እሰማ ነበር። አላህ ይማራቸው፣ ደግ ሰው ነበሩ።»

ሦስተኛው ሰው ሄኖክ ነበር፤ የስፖርት ባለሙያ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ የማይለየው፣ ፈገግታው ከንግግሩ የሚቀድም። ቢሮው ግድግዳ ላይ የንጉሴ ምስል ያለበት ትልቅ ፖስተር ተደግፏል። «አንበሳው ተመለሰ!» ይላል።

«ንጉሴን ማስገባት የፈለግከው አንተ ነህ ማለት ነው።»

«ሕዝቡ ነው የፈለገው! ሀይሉ ግን ግትር አለ። ተነጋግረናል፣ አዎ፤ ጮክ ብለንም ተነጋግረናል። መጣላት አትበይው።»

«የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር?»

«‹ፖስተሩን አትለጥፍ። ነገ ጠዋት አንድ ነገር አይቼ እነግርሃለሁ› አለኝ። ምን እንደሚያይ አልነገረኝም።»

«አንተ ማለዳ የት ነበርክ?»

የሄኖክ ፈገግታ ጠፋ። «ፖስተር ስለጥፍ» አለ ቀስ ብሎ። ሲሪንቃ ድረስ ሄዶ ለጥፎታል፤ መቅደላም ስትመጣ በሚኒባሱ መስኮት አይታዋለች፤ ሲነጋጋ ሲለጥፍ ያዩት ሰዎችም ነበሩ።

ንጉሴ ቤት የደረሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ሽማግሌው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ መደብ ላይ ተቀምጦ ዱላውን በጨርቅ ያሻል። መቅደላ ደፉ ላይ ቆማ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። ንጉሴ ቀና እንኳ አላለም። የሳጅኑ ጆሮ ቀላ፤ ወሎ ውስጥ የእንግዳ ሰላምታ እንዲህ አይዋጥም።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ንጉሴ?»

ሰውየው ብድግ አለ። «ኧረ እንደምን ዋላችሁ! በሞቴ ግቡ! ወይንሸት፣ እንግዳ መጥቷል፣ መቀመጫ አምጪ!»

ሚስቱ ወይንሸት ከጓዳ እየሮጠች መጣች። ዓይኗ አብጧል። መቅደላ ስትቀመጥ ቤቱን ቃኘች። የደፉ ጠርዝ ኖራ ተቀብቷል። የመደቡ ጠርዝም፣ የቁምሳጥኑ ጥግም፣ የእንስራው አፍ ሳይቀር። ግድግዳው ግን የአምናው ጭቃ ነው።

«ለበዓሉ ቤት እየቀባችሁ ነው?»

«አዎ... ጀምሬ ነበር» አለች ወይንሸት።

«ዱላዎ ያምራል፣ ጋሽ ንጉሴ። ቅቤ ነው የሚቀቡት?»

«በጾም ቅቤ? ኧረ ልጄ! የኑግ ዘይት ነው። ጥዋት አጥቤ ቀባሁት።»

«እሩርዎስ?»

የንጉሴ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። «ጠፋብኝ» አለ። «ሀይሉ... የሠላሳ ዓመት ወንድሜ ነው። ልጁ ያደርገዋል ብዬ አላስብም ነበር።»

«የትኛው ልጅ?»

«ቅዱስ ነዋ። ይዛችሁታል አይደል?»

ወይንሸት ወደ ጓዳ ተመልሳ ገባች። ከቤቱ ሲወጡ ሳጅን ልዑል ተነፈሰ። «አዩት ኩራቱን? ገና ሳይጫወቱ ሰላምታ መመለስ ረስተዋል!»

«ኩራት ይሆናል» አለች መቅደላ። ስልኳን አውጥታ ካርዱ ላይ ወዳለው የደሴ ቁጥር ደወለች። ስትጨርስ ለረጅም ጊዜ ቆሎ አልቃመችም።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ሜዳው ላይ እንዲገኙ አዘዘች። ጎህ ቀድዷል፤ ከቦዩ ጭጋግ ይነሳል። ቅዱስ ካቴና ገብቶበት ከሳጅኑ ጋር ቀድሞ ደረሰ፤ ሄኖክ አንድ የቡድን እሩር ይዞ፣ ረሂማ ሻሿን አጥብቃ መጡ። በመጨረሻ ንጉሴ የወይንሸትን ክንድ ይዞ ወረደ፤ ዱላውን የያዘችው እሷ ናት።

ከአገዳው ክምር ፊት፣ ሀይሉ በወደቀበት ቦታ፣ መቅደላ አንድ እንጨት ተክላ የሟቹን የሚመስል ካኪ ኮት አልብሳዋለች። ባርኔጣም ደፍታበታለች። ሄኖክ ሲያየው እግሩ ተሳሰረ። ረሂማ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ጫነች። ቅዱስ ፊቱን አዞረ። ንጉሴ ግን ቀጥ ብሎ ሄደ፤ የቆመው ወይንሸት ስትጎትተው ነው። መቅደላ ይህን ሁሉ አየች፤ ሁሉም ዝም እንዲሉ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጀመረች።

«አሰልጣኝ ሀይሉን የገደለው ዱላ አይደለም። ቁስሉ ክብ ነው፤ እሩር ነው የመታው። የቅዱስ ዱላ እዚህ የተገኘው ሟቹ ራሱ ቀምቶት እየተመረኮዘው ስለመጣ ነው። ቅዱስ በዚያ ሰዓት ወልድያ መንገድ ላይ ነበር። ሄኖክም ከሙጫው ጋር ሲሪንቃ ነበር። እሺ፣ ቁስሉ ውስጥ ኖራ ተገኝቷል። አቶ ሄኖክ፣ የቡድኑ እሩር ምን ዓይነት ነው?»

«ያው ቡናማ የወይራ ሥር። ቀለም አይቀባም።»

«ታዲያ እሩሩን ኖራ የሚቀባ ማን ነው? ትናንት አንድ ቤት ገባሁ። የደፉ ጠርዝ ነጭ፣ የመደቡ ጠርዝ ነጭ፣ የእንስራው አፍ ነጭ። ለበዓል ቤቱን የሚቀባ ሰው ግድግዳውን ትቶ ጠርዙን...»

«ይበቃል!» አለ ንጉሴ።

ወይንሸት ክንዱን ልትይዘው ሞከረች። አስለቀቃት።

«እኔ ነኝ። ቅዱስን ፍቱት። ሀይሉ ቦታዬን ሊነፍገኝ ነበር። ክምሩ ሥር ቆሞ አየሁት። አነጣጠርኩ፣ ለጋሁ። በአርባ እርምጃ ላይ የቆመ ሰው እኔን አያመልጠኝም! ‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› ይላሉ። እኔ ተቆጣሁ። ጻፈው፣ ሳጅን።»

ሳጅን ልዑል እስክሪብቶውን ለማውጣት አንድ ሰከንድ አልፈጀበትም።

«አስቀምጠው» አለች መቅደላ። ወደ ንጉሴ ቀረበች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አልተቆጡም፣ ጋሽ ንጉሴ። አላዩም።»

«አይቻለሁ እያልኩሽ!»

«ረሂማ የሰማችው ‹እሩር!› የሚል ጥሪ ነው። ሰው ሊገድል ያደባ ሰው የሚገድለውን ተጠንቀቅ ብሎ አይጣራም። እርስዎ እንደ ሕጉ ተጣሩ፤ መልስ አላገኙም። ሜዳው ባዶ ነው ብለው ለጉ።»

«አነጣጥሬ ነው ያልኩሽ!»

«እሺ። አሁን ከክምሩ ፊት የቆመው ማን ነው?»

ንጉሴ ዓይኑን አጠበበ። አንገቱን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዘመመ። ከመጡ ጀምሮ የቅዱስን ድምፅ አልሰማም ነበር።

«ቅዱስ ነው» አለ። «ምን አለበት፣ ልጁ ይቆማ።»

«እኔ ከኋላዎ ነኝ፣ ጋሼ» አለ ቅዱስ በቀጭን ድምፅ።

ረሂማ ማልቀስ ጀመረች። ወይንሸት ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ በአንዱ ጎኑ ደም የደረቀበት ነጭ እሩር አወጣችና መቅደላ እጅ ላይ አኖረችው።

«እኔ ነኝ የምቀባለት» አለች። «ደፉንም፣ እሩሩንም፣ ነጭ ነጩ ይታየዋል ብዬ። ሁለት ዓመት ሆነው። ‹ለሰው ብትናገሪ ጥዬሽ እጠፋለሁ› አለኝ። የዚያን ጠዋት እሩሩን ይዞ መጣ። ‹እሩሬን በእጄ ስፈልግ ፊቱን አገኘሁት› አለኝ። ፊቱን በእጄ ዳስሼ ለየሁት አለኝ።»

ንጉሴ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ለምን ዝም አለኝ?» አለ ኋላ። «ተጣራሁ እኮ። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው። ለምን ‹አለሁ› አላለኝም?»

«ሊፈትንዎት ነው የመጣው» አለች መቅደላ። «ለሄኖክ ‹አንድ ነገር አይቼ እነግርሃለሁ› ብሎት ነበር። ‹አለሁ› ቢል በድምፁ ያውቁታል፤ ፈተናው ይበላሻል። የሚያይ ሰው ከሆነ ሊነጋ ሲልም ቢሆን ፊት ለፊት የቆመን ሰው አይቶ ዱላውን ያወርዳል ብሎ ዝም አለ። ሠላሳ ዓመት ለሌላው ያስጠበቀውን ሕግ አንድ ቀን ራሱ ጣሰው።»

«ለማስወጣት ነው። ከዝርዝሩ ሊያስወጣኝ!»

መቅደላ ካርዱን አወጣች። እንዲያነበው ልትሰጠው እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

«ይህ ኪሱ ውስጥ ነበር። ደሴ የዓይን ሕክምና ወረፋ ነው፣ ለጥር ስድስት። ያስመዘገበው በእርስዎ ስም ነው፤ ትናንት ደውዬ ጠየቅኩ። ‹እሺ እንደማይለኝ አውቃለሁ፣ በዓይኔ ካላየሁ አያምንልኝም› ብሏቸው ነበር። ሲጠረጥር ከርሟል፣ ምልክቱንም ነግሯቸዋል። ሞራ ይመስላል ነው ያሉኝ፤ ከሆነ ይገፈፋል።»

«ይገፈፋል?»

«ይገፈፋል፣ ጋሽ ንጉሴ። ለከርሞ ገና ሊያጫውትዎ ነበር።»

ሽማግሌው ያለቀሰው ከዚያ ነበር፤ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን እየጮኸ፣ መሬቱን በመዳፉ እየመታ። ሳጅን ልዑል እንኳ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ዕውር ከምባል ነፍሰ ገዳይ ልባል ብዬ ነው» አለ ንጉሴ ሲረጋ። «ገደለ ቢሉኝ ያው ንጉሴ ነኝ። ታወረ ካሉኝ ግን ማን ነኝ?»

መቅደላ አዘነችለት፤ የተቆጣችበትንም አልዋጠችውም። «መምታትዎ አደጋ ነው፤ ለዐቃቤ ሕግም እንዲሁ እጽፋለሁ። ግን ወንድምዎን ጥለው ሄዱ። ይህ ልጅ በእርስዎ ዝምታ አንድ ሌሊት ታስሮ አድሯል። ያም ይጻፋል።»

«ይጻፍ» አለ ንጉሴ። እጁን በአየሩ ላይ ዘረጋ። «ቅዱስ... የት ነህ ልጄ? ይቅር በለኝ።»

ቅዱስ ካቴናው ተፈቶለት የእጁን አንጓ ያሻል። ይቅርታ በትእዛዝ አይመጣም። መጥቶ ግን የተዘረጋውን እጅ ያዘውና ሽማግሌውን አስነሳው። ንጉሴ የኑግ ዘይት የጠገበ ዱላውን ከወይንሸት ተቀብሎ ለልጁ ሰጠው። ከዚያ በሳጅኑ እየተመራ ወደ መኪናው አቀበቱን ጀመረ።

መቅደላ እንጨቱ ላይ ያለውን ኮት አወለቀች። ሄኖክ ሥራ የፈታውን ቡናማ እሩር ሣሩ ላይ ጥሎት ነበር። ቅዱስ ለምን እንዳደረገው ራሱም ኋላ መናገር አልቻለም፤ ብቻ እሩሩን አስተካክሎ ቆመ፣ የንጉሴን ዱላ ከፍ አደረገና በሙሉ ድምፁ ተጣራ።

«እሩር!»

አቀበቱ ላይ ንጉሴ ቆመ። ሳጅን ልዑል ክንዱን ሊስበው ሲል መቅደላ ከታች እጇን አንስታ ከለከለችው። ሽማግሌው ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ።

«አለሁ!» አለ።

ቅዱስ ዱላውን አወረደ።